ልጆቻችን ስክሪኑ ላይ ምን ያነባሉ?

በስደት አገር ልጅ የምናሳድግ ወላጆች «አጥፋው!» ስንል መልሱ «አንዴ ቆይ አባዬ» ነው፤ ዐይኑ ከስክሪኑ አይነቀልም። ለመሆኑ ምን እያየ ነው?

የቪዲዮ ጌም ስክሪን እንደ መኪና ዳሽቦርድ ነው። ሹፌር ከመንገዱ ብዙ ሳይዘናጋ የቀረውን ነዳጅ እንደሚያይ ሁሉ፣ ተጫዋቹም የቀረውን ሕይወትና ጥይት በጨረፍታ ማወቅ አለበት።

አቀራረቡ ግን ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ሕይወትን በልብ ሥዕሎች ይቆጥራል። በ1993 የወጣው «ዱም» ከቁጥሩ በተጨማሪ የተዋጊውን ፊት ከታች አስቀመጠ፤ ጉዳቱ ሲበዛ ፊቱ በደም ይለወሳል። በ2008 የወጣው «ዴድ ስፔስ» ደግሞ መለኪያውን ከስክሪኑ ጠርዝ አንስቶ በባለታሪኩ ልብስ ላይ፣ በጀርባ አጥንቱ መስመር አበራው።

ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግራቸው ብዙ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ አሉ። ቅርጽ ወይም ቁጥር ካልታከለበት መልእክቱ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ደጋግሞ የሚሸነፍ ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ መለኪያው አልታየው ይሆናል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብለን «ይቺ መስመር ምንድን ናት?» እንበለው። መለኪያውን ማንበብ ከቻልን፣ መቼ «በቃ» ማለት እንዳለብንም እናውቃለን።