ኑግ በግሮቭ ሲቲ በረንዳ ላይ

ኑግ ሲባል ላገር ቤት ሰው ትዝ የሚለው በመስቀል ሰሞን የጎጃምንና የወለጋን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው አበባ፣ በጾም ወራት ደግሞ የወጡ ዘይት ነው። ከኮሎምበስ በስተደቡብ ምዕራብ ባለችው ግሮቭ ሲቲ ግን ኑግ የወፍ ቀለብ ነው። በአሜሪካ መደብሮች «ናይጀር» አንዳንዴም «ቲስል» እየተባለ የሚሸጠው ቀጭን ጥቁር ፍሬ ሌላ ሳይሆን ያው ኑግ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ይባላል። ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድና ከበርማ ተጭኖ ይመጣል።

አበባና ጎመን በተተከለበት በረንዳ ላይ ኑጉን በጠባብ ቀዳዳ መመገቢያ ላንጠለጠለ ሰው ዋነኛው እንግዳ ጎልድፊንች ነው። ወንዱ በሞቃቱ ወራት እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ክንፉ ጥቁር ነው። በክረምት ቀለሙ ይደበዝዛል እንጂ ከኦሃዮ አይጠፋም። ከ1933 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኦሃዮ መለያ የሆነው ቀዩ ካርዲናል ግን ይበልጥ የሚወደው ሱፍ ነው።

አንድ መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። ከኑጉ ጋር የአረም ዘር ተደባልቆ እንዳይገባ፣ ወደ አሜሪካ የሚመጣው ኑግ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ15 ደቂቃ እንዲቃጠል ሕግ ያስገድዳል። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባል ነበር፤ እዚህ ተገላቢጦሽ ኑጉ በአረሙ ጦስ ተቆላ። ስለዚህ ዘርቼ አበቅላለሁ ያለ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ርካሽ ነው ብሎ ለጾም መውቀጥም አይገባም፤ ለሰው ምግብነት ተብሎ የተዘጋጀ አይደለምና።

ወፍ መጋበዝ ኃላፊነትም አለበት። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሞቃት ወራት በኦሃዮና በሌሎች ግዛቶች ዓይናቸው ያበጠ ወፎች በብዛት በመሞታቸው፣ የኦሃዮ የዱር እንስሳት ክፍል የፍራንክሊን ካውንቲን ጨምሮ በበርካታ ካውንቲዎች ሕዝቡ መመገቢያውን እንዲያወርድ ጠይቆ ነበር። የበሽታው ምንጭ ተለይቶ አልታወቀም። ወፎች አንድ ገበታ ላይ ሲሰበሰቡ በሽታ ይጋራሉና፣ መመገቢያውን በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ አጥቦ፣ በሚገባ አለቅልቆ ማድረቅ ይገባል። የሻገተ ኑግ ይጣል።

መስኮትም ወፍ ይገድላል። መመገቢያው ከመስታወቱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ቢሰቀል፣ ወፉ ደንግጦ ቢነሳ እንኳ በኃይል አይጋጭም። ከመስቀል በፊት ግን የቤት ኪራይ ውሉን ማየት ይበጃል፤ መመገቢያ የማይፈቅዱ አከራዮች አሉ።