ሺህ እግር በቤት ውስጥ፦ ከእንስሳው በፊት አፈሩን ይመልከቱ

የሚሠሩበት ቤት ልጆች ወይም የራስዎ ልጅ አንድ ቀን ረጅም፣ ጥቁርና ብዙ እግር ያለው ፍጥረት በመስታወት ሣጥን ይዘው ቢመጡ አይደንግጡ። ምናልባት ሺህ እግር ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ የሚንከባከቡት ደግሞ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

አስቀድመው ስሙን ይለዩ። በዐረብኛ «ኡም አርባዓ ወአርባዒን»፣ ማለትም «የአርባ አራት እናት» የሚባለው መቶ እግር ነው። እሱ ፈጣን፣ ሥጋ በልና መርዝ ያለው ነው። ሺህ እግር ግን ዝግተኛ ነው፤ የሚበላውም በአብዛኛው የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ነው። መቶ እግር በእያንዳንዱ የአካል ክፍሉ አንድ ጥንድ፣ ሺህ እግር በአብዛኞቹ ክፍሎቹ ሁለት ጥንድ እግሮች አሉት።

በቤት ከሚያዙት መካከል የታወቀው ግዙፉ የአፍሪካ ሺህ እግር ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ይኖራል፤ በኦማን ዶፋርም ይገኛል። ዶፋር በኸሪፍ ወቅት በጭጋግና በካፊያ የምትለመልም ምድር ናት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት ቀን ከሌት የሚሠራው ኤሲ አየሩን ያደርቃል፤ የሺህ እግር ሰውነት ደግሞ ውሃ ቶሎ ያጣል። ስለዚህ የአፈሩ ጥልቀት ከእንስሳው ርዝመት አይነስ። የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ይቀላቀልበት። ሲጨብጡት እርጥበቱ ይሰማዎት እንጂ ውሃ አይንጠባጠብ። ቅጠሉ ቆሻሻ መስሎዎት አይጥረጉት፤ ምግቡ ነው። ኪያርና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨምሩለት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይስማማዋል።

ለብዙ ቀናት ከአፈር ባይወጣ ቆፍረው አያውጡት። ቅርፊቱን እየለወጠ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ለስላሳ ስለሆነ ቢነካ ይጎዳል።

ሲደነግጥ የሚያወጣው ፈሳሽ ቆዳን ያቀልማል፣ ዐይንንም ያቃጥላል። ከነኩት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልጆቹንም ያስታጥቡ። የበረሮ መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ሣጥኑን አስቀድመው ከክፍሉ ያውጡ።

በአግባቡ ከተያዘ ከ5 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ልጆቹ ሲሰለቹት በረሃ ላይ መልቀቅ መግደል ነው። ማዳም ገና ልትገዛ ካሰበች ይህን ከመግዛቷ በፊት ይንገሯት።