ኬዝ ለማስከፈት፦ ቀኑ ሳያልፍ



ካርቲየ 4 ለምንኖር ቤተሰቦች ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ ሁሌ የምሥራች አይደለም። «ኬዜ ተዘጋ፣ ዲፖርት ተፈርዶብኛል፤ ከዚያ ማስረጃ ላኩልኝ» የሚል ጥሪም ይመጣል። እኛም «እሺ፣ በሚመጣው ሳምንት» እንላለን። እዚያ ግን ቀን እየተቆጠረ ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንደሚለው፣ ዲፖርት የተፈረደበት ሰው አዲስ ማስረጃ ይዞ ኬዙ እንዲከፈትለት የሚያመለክተው ውሳኔው የመጨረሻ ከሆነበት ቀን አንሥቶ በ90 ቀን ውስጥ ነው። «ዳኛው ተሳስቷል፣ እንደገና ይታይልኝ» ለማለት ደግሞ 30 ቀን ብቻ ነው ያለው። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። ኬዝ ይከፈትልኝ ማለት የሚቻለው በአብዛኛው አንዴ ብቻ ስለሆነ በባዶ እጅ መሞከር አያዋጣም።

ቀጠሮ ቀርቶ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ነገር ይለያል። እንደ ከባድ ሕመም ያለ ምክንያት ካለው 180 ቀን አለው። የቀጠሮው ወረቀት በደንቡ መሠረት ያልተሰጠው ከሆነ ግን የጊዜ ገደብ የለበትም። እነዚህ ማመልከቻዎች እስኪወሰኑ ዲፖርት ማድረጉ ይቆማል። በሌሎቹ ግን በአብዛኛው በራሱ አይቆምም፤ እግዱን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

90 ቀኑ ያለፈበትስ? አገር ቤት ሁኔታው ከተለወጠና ጥገኝነት የሚጠይቅ ከሆነ ገደቡ አይዘውም። ነገር ግን «አገሩ ከፋ» ማለት ብቻ አይበቃም። ማስረጃው ፊት ችሎት ላይ ሊገኝ ያልቻለ፣ እሱንም የሚነካ መሆን አለበት።

የኛ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ያየ ሰው ያየውን፣ የትና መቼ እንደሆነ ይጻፍ፣ ይፈርም፣ የመታወቂያውን ኮፒ ያያይዝ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ማለት ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ነው። አማርኛውም ፈረንሳይኛውም ተርጓሚው ትክክል ነው ብሎ ከፈረመበት የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይቀርባል። ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ግን ልጃችሁን ገደል መክተት ነው።

ደግሞ አትርሱ፦ ማመልከቻው ገባ የሚባለው ፖስታ ቤት በገባበት ቀን ሳይሆን ፍርድ ቤቱ በተቀበለበት ቀን ነው። ስለዚህ ፎቶውን በስልክ ቀድማችሁ ለጠበቃው ላኩ፣ ዋናውን አስቀምጡ። «እኔ ከዚህ ሆኜ አስከፍታለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አትስጡ፤ የሚያመለክተው ባለጉዳዩ ራሱ ወይም ፈቃድ ያለው ወኪሉ ነው።

ስልክ ሲደወል አራት ነገር ጠይቁ፦ ውሳኔው መቼ ነው? ችሎት ላይ ነበርክ ወይ? ከዚህ በፊት አመልክተሃል ወይ? ጠበቃህ ማነው?

እዚህ እኛ ጋም ቢሆን ጥያቄያችሁ ውድቅ ሆነ የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የይግባኙን ቀን ፈልጉ። ልቅሶው ይደርሳል፤ ቀኑ ግን አይጠብቅም።

ሰላም ሁኑ።