ለዳኞች የሚቀርብ ሥዕል

ገበሬ እህሉን ገበያ ሲያወጣ ገዢው ዘገን አድርጎ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ አይቶ ዋጋውን ይናገራል። ሠዓሊም ሥራውን አውጥቶ ለሰው የሚያሳይበት ቦታ አለው። ይህም የሥዕል ትርዒት ይባላል። ከትርዒቶች መካከል ግን ማንም ሰው ሥዕሉን ይዞ ሄዶ የማይሰቅልባቸው አሉ። በእነዚህ ትርዒቶች ሥዕሉን ከሕዝቡ በፊት የሚያዩት ዳኞች ናቸው። እነሱ ካላሳለፉት ሥዕሉ ወደ መጣበት ይመለሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የትርዒቱ አዘጋጆች ሥዕል የሚቀበሉበትን የመጨረሻ ቀን፣ የሥዕሉን መጠንና የሚከፈለውን የመመዝገቢያ ገንዘብ አስቀድመው ያስታውቃሉ። ሠዓሊው አዲስ ሥራ ሠርቶ ቀኑ ሳያልፍ ያቀርባል። ዛሬ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚላከው የሥዕሉ ፎቶግራፍ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ የሚጠራው ፎቶግራፉ ካለፈ በኋላ ነው። ከዳኞቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ሠዓሊዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን ለምን እንደ ጣሉት አይናገሩም። የተከፈለው ገንዘብም ቀረ ማለት ነው። ለሸራው፣ ለቀለሙና ለፍሬሙ የወጣውማ ድሮውንም ከሠዓሊው ኪስ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። ሠዓሊው ሥዕሉን ሲጀምር ዳኞቹን እያሰበ ይሠራል ወይስ የራሱን ዓይን እያመነ? ለዚህ በእንግሊዝ አገር የኖረው ጆን ኮንስታብል የተባለ ሠዓሊ ያደረገውን ብናይ ብዙ ነገር ይገለጽልናል። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሎንዶን ከተማ ሮያል አካዳሚ የሚባል የሠዓሊዎች ማኅበር በ1768 ተቋቋመ። ማኅበሩ ከ1769 ጀምሮ በየዓመቱ የሥዕል ትርዒት ያሳያል፤ እስከ ዛሬም አላቋረጠም። ወደ ትርዒቱ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው። የማኅበሩ ሙሉ አባል የሆነ ሠዓሊ ሥዕሉን ያለ ዳኛ ይሰቅላል። አባል ያልሆነው ግን በዳኞች ፊት ማለፍ አለበት። በድሮው ጊዜ ፎቶግራፍ ስላልነበረ ሥዕሉ ራሱ ይመጣል። ዳኞቹ ተቀምጠው ሳለ ተሸካሚዎች ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያመጡ ፊታቸው ያቆማሉ። ዳኞቹ አየት ያደርጋሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ሌላው ይመጣል። አንዱ ሥዕል የወራት ድካም ሊሆን ይችላል፤ ፍርዱ ግን በአፍታ ያልቃል።

ማለፉም ብቻውን አይበቃም። የዚያን ጊዜ የትርዒቱ ግድግዳ ከታች እስከ ጣሪያው ድረስ በሥዕል የተሸፈነ ነበር። የአንዱ ፍሬም ከሌላው ፍሬም ጋር ይነካካል። ታዲያ በዚያ ሁሉ መካከል ትንሽ ሥዕል ማን ያየዋል?

ኮንስታብል በ1776 በሰፎክ አውራጃ ገጠር ተወለደ። አባቱ የወፍጮ ባለቤት ነበሩ፤ ልጃቸውም የእሳቸውን ሥራ እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን ሥዕልን መረጠ። የሚሥለውም ያደገበትን ወንዝ፣ ወፍጮውን፣ ጀልባውን፣ ዛፉንና ደመናውን ነው። በዚያ ዘመን የተከበረው ሥዕል የነገሥታት፣ የጦርነትና የጥንት ታሪክ ሥዕል ነበር። የገጠር ሥዕል ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ኮንስታብል ከ1802 ጀምሮ ሥዕሉን በትርዒቱ ቢያሳይም፣ ማኅበሩ ለብዙ ዓመታት አባል አድርጎ አልመረጠውም።

ከዚህ በኋላ አንድ ዘዴ ያዘ። የሚሥለውን ነገር አልለወጠም፤ መጠኑን ግን ለወጠ። ወርዱ ስድስት ጫማ፣ ማለትም ወደ 185 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሸራ ወጥሮ መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው “ነጩ ፈረስ” የሚባለው ሲሆን በ1819 ለትርዒት ቀረበ። በዚያው ዓመት ማኅበሩ ተባባሪ አባል አድርጎ መረጠው። ይህ ዘዴ በዛሬው የፎቶግራፍ ምርመራ ብዙ የሚሠራ አይመስለንም። በፎቶግራፍ ትልቁም ትንሹም እኩል ይታያልና።

ትልቅ ሸራ ትልቅ ጣጣ አለው። በትንሽ ሥዕል ላይ የማይታይ ስሕተት እዚያ ላይ አፍጥጦ ይታያል። ስለዚህ ኮንስታብል አስቀድሞ የዚያኑ ያህል ስፋት ባለው ሌላ ሸራ ላይ ረቂቁን በቀለም ይሠራ ነበር። ረቂቁ ለትርዒት አይቀርብም። አንድ ሥዕል ለማቅረብ ሁለት ይሠራል ማለት ነው።

“የድርቆሽ ጋሪ” የሚባለውን ሥዕል የሠራው በዚህ ዓይነት ነው። ሥዕሉ ለ1821 ትርዒት መድረስ ነበረበት። ኮንስታብል በክረምት ሎንዶን ቤቱ ተቀምጦ፣ በበጋ ገጠር ሄዶ የነደፋቸውን ትናንሽ ሥዕሎች እያየ ይሠራል። ሁሉ ነገር ሲሟላ የጋሪው አሠራር ጎደለው። ጋሪን በግምት መሣል አልፈለገም። ወደ አገሩ መልእክት ልኮ አንድ ወጣት ወዳጁ በዚያ ብርድ ውጭ ቆሞ ጋሪውን እንዲነድፍለት አደረገ። ወንድሙም ንድፉን ላከለት። ከዳኞችና ከተመልካቾች መካከል የጋሪን አሠራር የሚያውቅ ስንት ሰው እንደሚኖር መገመት አያዳግትም። ይህን ያደረገው እንግዲህ ለእነሱ ሲል አይመስለንም።

ሥዕሉ ሎንዶን ላይ ታይቶ ሳይሸጥ ተመለሰ። በ1824 አንድ ነጋዴ ገዝቶ ፓሪስ ወሰደውና እዚያ በተደረገው ትልቅ ትርዒት ታየ፤ ኮንስታብልም ከፈረንሳይ ንጉሥ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በአገሩ ግን ሙሉ አባልነት ገና አልተሰጠውም። ባለቤቱ ማሪያ በ1828 ሰባት ልጆች ትታበት ሞተች። ማኅበሩ ሙሉ አባል አድርጎ የመረጠው ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በየካቲት 1829 ነው። ያውም በአንድ ድምፅ ብልጫ! አብራው የጠበቀችው ሚስቱ ይህን አላየችም።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1830፣ ኮንስታብል ራሱ ከዳኞቹ ጋር ተቀመጠ። የሱ ሥዕሎች አሁን ዳኛ አያያቸውም። ነገር ግን አንዱ ሥዕሉ በስሕተት ከውጭ ሰዎች ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ ኖሮ ተሸካሚዎቹ አምጥተው ፊታቸው አቆሙት። በሶልዝበሪ ከተማ አጠገብ ያለ ውሃ ገብ መስክ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ዳኞቹ የማን እንደሆነ አላወቁም። አረንጓዴነቱን አልወደዱትም፤ ከፊታችን አንሡልን ብለው ጣሉት። ኮንስታብል ዝም ብሎ ተመለከተ። የሱ መሆኑ ሲታወቅ ዳኞቹ ደንግጠው ፍርዱን ሊሽሩ ፈለጉ። እሱ ግን አልፈቀደም፤ የተፈረደበት ሥዕል ይውጣ አለ።

ሥዕሉ ዛሬ ሎንዶን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ከባለስድስት ጫማዎቹ ወገን አይደለም፤ ወርዱ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወንዝ፣ ዛፎችና ሣር ይታዩበታል፤ አረንጓዴነቱም እንዳለ ነው።