ፊልም በጤና ትምህርት፦ ማየትና መማር

ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ወታደሮች ላይ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1949 ታትሟል። ስለ ብሪታንያ የአየር ውጊያ የተሠራውን ፊልም የተመለከቱት ወታደሮች በርካታ እውነታዎችን ቢያውቁም፣ የመዋጋት ፍላጎታቸው እምብዛም አልጨመረም።

ለጤና ባለሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ሙከራ ነው። የሬዲዮ ፊደላት መጠሪያዎችን በፊልም ስትሪፕ ሲማሩ መልሱን ጮክ ብለው እንዲናገሩ የተደረጉት፣ ዝም ብለው ከተመለከቱት የበለጠ አስታውሰዋል። በመጠበቂያ ክፍል ቴሌቪዥን ከፍቶ መሄድ እንግዲህ ማስተማር አይደለም። ስለ ለምለም (ኦ.አር.ኤስ.) አዘገጃጀት የሚያሳየው ፊልም ለአፍታ ቆሞ እናቶች የውኃውን መጠን ራሳቸው ይናገሩ፤ ቢቻል ባለ1 ሊትሩን ፓኬት በእጃቸው ይበጥብጡ። ውኃው ካነሰ የሕፃኑ ደም ሶዲየም ከመጠን በላይ ሊጨምር ይችላል።