ያልታሸገ ደብዳቤ፦ በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦች መልእክት

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ቀጥታ የፖስታና የስልክ ግንኙነት ተቋረጠ። የታኅሣሥ 1993ቱ የአልጀርስ ስምምነት ጦርነቱን በይፋ ቢቋጭም ቀጥታው የስልክ መስመር የተከፈተው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ከማሻም ሆነ ከአዲስ አበባ አስመራ ላለ ወንድም ቃል ለማድረስ ከቀሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ የቀይ መስቀል መልእክት ነበር።

መልእክቱ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ይጻፋል፤ አይታሸግም፤ ከቤተሰብ ወሬ በቀር ፖለቲካም ሆነ የጦር ጉዳይ አይነሣበትም። አሠራሩ የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ የነበሩ ቤተሰቦች፣ በጀርመን ጦር በተያዙት የቻናል ደሴቶች ለቀሩ ዘመዶቻቸው በጄኔቭ በኩል የሚልኩት መልእክት ከ25 ቃላት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በአማርኛ ልማድ ይህ ለሰላምታው እንኳ አይበቃም።

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» የሚለውን መግቢያ አንባቢ በሰላም ጊዜ ዘልሎት ወደ ጉዳዩ ያልፋል። በቀይ መስቀል ቅጽ ላይ ግን ጉዳዩ ራሱ ሰላምታው ነው። «እኛ» ከተባሉት መካከል ስሙ ሳይነሣ የቀረ ካለ ተቀባዩ ያንን ፈልጎ ያነባል።

ከሁሉ የሚከብደው የሞት ዜና ነው። መርዶ በአገሩ ወግ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በአፍ የሚነገር ነው። ባልታሸገ ወረቀት ሲላክ ግን በብዙ እጅ ያልፋል፤ ባለሐዘኑ የሚሰማው እንግዳ ሰው አስቀድሞ ካነበበው በኋላ ሊሆን ይችላል።