ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ጭብጡ ይያዝ

በሕግ ትምህርት ቤት ቀድሞ ከሚነገረን ነገር አንዱ፣ ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት ጭብጥ መያዝ እንዳለበት ነው። ጭብጡ ካልተያዘ ምስክሩ የማይፈለገውን ሲመሰክር ይውላል። የዕፅዋት ጭማቂ ለመመርመር ማስ ስፔክትሮሜትር የሚገዙ ተቋማትም መነሻቸው ይኸው ቢሆን ይበጃል እላለሁ። ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ በውጤቱም አንድ ቅጠል መድኃኒት ነው ወይም መርዝ ነው ይባልበታል።

ማሽኑ በቀላል አነጋገር የሞለኪውል ሚዛን ነው። የመጀመሪያው ጭብጥ፣ የሚፈለገው ነገር በሙቀት ይተናል ወይስ አይተንም የሚለው ነው። ለጦስኝ መዓዛ የሚሰጡት እንደ ታይሞል ያሉ ውህዶች ይተናሉ። ለእነሱ ከጋዝ ክሮማቶግራፊ ጋር የተጣመረው ማሽን ይበቃል። እንዶድ ግን ሌላ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ቀንድ አውጣ ገዳይነቱ፣ ሳፖኒን ከተባሉ ስኳር ካዘሉ ከባድ ሞለኪውሎች የመጣ ነው። እነዚህ ሲሞቁ ይበላሻሉ እንጂ አይተኑም። ስለዚህ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊና ኤሌክትሮስፕሬይ ያለው ማሽን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጭብጥ፣ የምናውቀውን ልንለካ ነው ወይስ የማናውቀውን ልንፈልግ? የታወቀን ውህድ መጠን ለመለካት ትሪፕል ኳድሩፖል የተባለው ተመራጭ ነው። ያልታወቀውን ለመፈለግ ደግሞ ኪው-ቶፍ ወይም ኦርቢትራፕ ይሻላል፤ ሚዛናቸው ረቂቅ ነውና። ለምሳሌ ካፌይንና ፌሩሊክ አሲድ በተራ ሚዛን ሁለቱም 194 ናቸው። በረቂቁ ሚዛን ግን አንዱ 194.080፣ ሌላው 194.058 ሆነው ይለያሉ።

"እንግዲያው ውዱን ከገዛን ሁሉን ይሠራልናል" የሚል አይጠፋም። አይሠራም። የካካዎው ቲዎብሮሚንና በሻይ ቅጠል የሚገኘው ቲዎፊሊን የአቶሞቻቸው ዓይነትና ቁጥር አንድ ስለሆነ የሁለቱም ክብደት 180.065 ነው። ሚዛኑ ምንም ያህል ቢረቅ በክብደት ብቻ አይለያቸውም። ቀድሞ በክሮማቶግራፊ መለየትና ከንጹሕ ማመሳከሪያ ናሙና ጋር ማነጻጸር ግድ ነው። የናሙናው መግዣ በበጀቱ ካልተያዘ ውዱ ማሽን ግምት ብቻ ይሰጣል።

የጨረታ ሰነዱም ይህን ሁሉ ሊይዝ ይገባል። የቫኪዩም ፓምፑ ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ የመብራት መቋረጥ መጠባበቂያ፣ የናይትሮጅን ወይም የሂሊየም አቅርቦት፣ መለዋወጫና ሥልጠና ከዋጋው ጋር አብረው ይመዘኑ። ከሁሉ በላይ በውሉ አንድ አንቀጽ እንዲገባ እመክራለሁ፦ ርክክብ የሚፈጸመው፣ ማሽኑ ሻጩ ባመጣው ንጹሕ ናሙና ሳይሆን ገዢው ራሱ ባዘጋጀው የዕፅዋት ጭማቂ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ጭማቂ ውስጥ ያለው የሌላ ውህድ ብዛት የሚፈለገውን ምልክት ሊያዳክም ይችላልና፣ ይህ ከክፍያ በፊት ቢታወቅ ይሻላል።